ብርሃን መከለል፣ ካሜራ መያዝ፦ የሌንስ ሁድና የእጅ ማሰሪያ አጠቃቀም

ሠርግ፣ ምርቃት ወይም ጥምቀት ላይ ካሜራ ይዘው ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ሰዎች ልብ ብለው ቢመለከቱ ሁለት ነገር ያያሉ። ሌንሱ ላይ ሁድ፣ ማለትም ብርሃን የሚከልል መጋረጃ፣ አለ፤ ግን ወደ ኋላ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ከካሜራው ጋር የመጣው የአንገት ማንጠልጠያ ደግሞ የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ሁዱን ተሸክመውት ይውላሉ እንጂ አይሠራላቸውም። ማንጠልጠያውም ካሜራውን ከመውደቅ ያድን እንደሆነ እንጂ ፎቶ ለማንሳት አያግዝም።

ብዙ ሰው ፎቶው ገርጥቶ ሲወጣበት የመጀመሪያ ሐሳቡ የተሻለ ሌንስ መግዛት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለአዲስ ሌንስ ገንዘብ ከማጠራቀምዎ በፊት አሁን ያለዎትን ሌንስ ከማይፈልጉት ብርሃን ይከልሉት፤ ካሜራውንም ጣትዎ ከሹተሩ ቁልፍ እንዳይርቅ አድርገው ይያዙት። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ዕቃዎች፣ ሁድና የእጅ ማሰሪያ፣ ዋጋቸው ከአብዛኛው ሌንስ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አገጣጠማቸውን ለማወቅም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሁድ የሚከለክለው የትኛውን ብርሃን ነው?

ፎቶ የሚሠራው ፍሬምዎ ውስጥ ካለው ነገር ተነሥቶ ወደ ሌንሱ በሚገባው ብርሃን ነው። ከፍሬሙ ውጪ ሆኖ ከጎን ወይም ከላይ የፊት መስታወቱን የሚመታው ብርሃን ለፎቶው የሚጨምርለት ነገር የለም። ችግሩ ሌንስ ውስጥ ያለው አንድ መስታወት ብቻ አለመሆኑ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት የካነን 18-55 አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም ሌንስ እንኳ በውስጡ 13 መስታወቶች አሉት። በሰያፍ የገባው ብርሃን ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እየተንጸባረቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል።

ያን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዱ ለማንም የሚታይ ነው፤ ከፀሐይዋ አቅጣጫ ጀምረው ፍሬሙን በሰያፍ የሚያቋርጡ ባለቀለም ክቦችና ባለብዙ ማዕዘን ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ። ሌላው ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው የባሰ ጉዳት አለው። ፎቶው በሙሉ ስስ ጭጋግ ያረፈበት ይመስላል፤ ጥቁር ፀጉር ግራጫ ይሆናል፤ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ቀለሙን ያጣል። ነጠብጣብ ስለሌለ ጥፋቱ የብርሃን መሆኑ አይታወቅም፤ ሰውም ሌንሱን ወይም ካሜራውን ይወቅሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ነገር በተለይ ያስቸግራል። በደጋው፣ በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑም ኃይለኛ ነው። ለፎቶ የሚመረጠው ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሌንሱን በጎን የምትመታበት ሰዓት ነው። ፀሐይ ብቻም አይደለችም። ከፍሬሙ ውጪ ያለ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአቅራቢያዎ የቆመ መኪና መስታወት፣ በቀጥታ ብርሃን ያረፈበት ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ሌንሱ ብርሃን ይወረውራሉ። ሩቅ ለማየት ሲፈልጉ መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው ዓይንዎን እንደሚጋርዱት ሁሉ ሁድም ለሌንሱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ በእጅዎ ይሞክሩት

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ልዩነቱን በገዛ ዓይንዎ ይዩት። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ወጣ ይበሉና ፀሐይዋ ከፊትዎ በስተግራ በኩል እንድትሆን አድርገው ይቁሙ፤ ፍሬሙ ውስጥ ግን አትግባ። ፊት ለፊትዎ ጠቆር ያለ ነገር ይሁን፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ወይም ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ጥሩ ነው። ካሜራውን ማኑዋል ላይ ያድርጉት። አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ካሜራው በራሱ ብርሃኑን ስለሚያስተካክል ሁለቱን ፎቶዎች ማወዳደር አይቻልም።

አንድ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ካሜራውን ሳያነቃንቁ ግራ እጅዎን በፀሐይዋና በሌንሱ መካከል ያስገቡ። የእጅዎ ጥላ የፊት መስታወቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ እጅዎ ግን ፍሬሙ ውስጥ መግባት የለበትም። ብቻዎን ሆነው ካስቸገረዎ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይከልልልዎ። ሁለተኛውን ፎቶ ያንሱና ሁለቱን ጎን ለጎን ይመልከቱ። ጥቁሩን ቦታ አጉልተው ሲያዩት በሁለተኛው ላይ በእርግጥ ጥቁር ሆኖ፣ የቅጠሎቹም ጠርዝ ለይቶለት ያገኙታል። ይህን ሙከራ ላሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ከዚያ በኋላ ስለ ሁድ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ይህን የእጅ መጋረጃ ሁድ ከገዙም በኋላ አይርሱት። የዙም ሌንስ ሁድ የሚለካው በጣም ሰፊ በሆነው እይታ፣ ለምሳሌ በ18 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ቢረዝም ፍሬሙ ውስጥ ይገባ ነበርና። ስለዚህ ወደ 55 ሲያቀርቡ ሁዱ አጭር ይሆንብዎታል፤ የቀረውን መከለል የእጅዎ ሥራ ነው። ፀሐይዋ ራሷ ፍሬሙ ውስጥ ከገባች ግን ሁድም እጅም አይረዳም።

የራስዎን ሌንስ ሁድ ማግኘት

ሁድ በካሜራ አይገዛም፤ በሌንስ ነው። ወደ ሱቅ ሲሄዱ የካሜራውን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ሌንሱን ይዘው ይሂዱ። እያንዳንዱ ሁድ የራሱ መለያ አለው። ካነን ለኢ ኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስ ቲ ኤም የሠራው ኢ ኤስ-68 ይባላል። ለ18-55 አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም የሚሆነው ኢ ደብሊው-63ሲ ሲሆን፣ ከሱ በፊት የወጣው 18-55 አይ ኤስ 2 ደግሞ ኢ ደብሊው-60ሲ ነው የሚወስደው። ሁለቱም «18-55» ይባላሉ፤ ሁዳቸው ግን አይለዋወጥም። ኒኮን ለ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ጂ ሌንሱ ኤች ቢ-47ን አብሮ ይሰጣል። በአንጻሩ ካነን ከርካሽ ሌንሶቹ ጋር ሁድ አያስቀምጥም፤ ለብቻው መግዛት ነው።

ኦሪጅናሉን ካላገኙ በሌላ ኩባንያ የተሠራ ተመሳሳይም ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ ይፈትሹ። የመጀመሪያው የውስጡ ቀለም ነው። ውስጡ የማያብለጨልጭ፣ ሻካራ ወይም ከፋይ የመሰለ ጥቁር መሆን አለበት። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ የከለከለውን ብርሃን መልሶ ራሱ ወደ ሌንሱ ይልከዋል። ሁለተኛው አቆላለፉ ነው። ሲያዞሩት «ቀጭ» ብሎ መቆም አለበት፤ ከቆመ በኋላ የሚወላወል ከሆነ ይተዉት።

ቅርጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዙሪያው እኩል የሆነ ክብ ነው። ሌላው እንደ አበባ ቅጠል የተቆራረጠው ሲሆን ብዙ ሰው ለጌጥ የተሠራ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን የፍሬሙ ቅርጽ ነው። ፎቶው ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ጠባብ ነው። ስለዚህ ከላይና ከታች ሁዱ ሊረዝም ይችላል፤ ከግራና ከቀኝ አጠር ማለት አለበት፤ ከማዕዘኖቹ በኩል ደግሞ ይበልጥ መጎደል አለበት። ፎከስ ሲያደርጉ የፊት አፉ የሚሽከረከር አሮጌ ሌንስ ካለዎት ግን ይህኛው አይሆንዎትም፤ ቅጠሉ አብሮ እየዞረ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሌንስ ክቡን ይግዙ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ የሚታጠፍ የጎማ ሁድ። ይህ ሌንሱ አፍ ላይ ባለው የፊልተር ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝ ስለሆነ መግዛት ያለብዎት በቁጥር ነው። ቁጥሩ ሌንሱ ላይ፣ ሰያፍ መስመር ካቋረጠው ክብ ምልክት ቀጥሎ ተጽፏል፤ 49፣ 52፣ 58፣ 67 እያለ ይሄዳል። ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት ጋር እንዳያምታቱት፤ ከላይ የጠቀስነው 50 ሚሊ ሜትር የካነን ኤስ ቲ ኤም ሌንስ የፊልተሩ ልክ 49 ነው። የጎማ ሁድ በመስታወት ውስጥ ለሚያነሳ ሰው አቻ የለውም። ሙዚየም ውስጥ ያለ የመስታወት ሣጥን ላይ ወይም የአውሮፕላን መስኮት ላይ ቀስ አድርገው ሲያስጠጉት የክፍሉን ነጸብራቅ ሁሉ ያጠፋዋል። መኪና ወይም አውሮፕላን ውስጥ ሲሆኑ ግን አጥብቀው አይጫኑት፤ ንዝረቱ ወደ ካሜራው ይተላለፋል።

አገጣጠም

ካሜራውን ያጥፉ። የሌንሱን ክዳን ያንሱ፤ ሌንሱንም ፊቱን ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙት። ሌንሱ አፍ ዙሪያ አንድ ነጥብ ወይም አጭር መስመር አለ፤ ሁዱም ላይ እንዲሁ። ሁለቱን ምልክቶች ያገናኙ፤ ሁዱን ቀጥ አድርገው ጠጋ ያድርጉት፤ ከዚያ ያዙሩት። «ቀጭ» እስኪል ድረስ አይተዉት። በግማሽ ዞሮ የቆመ የአበባ ቅርጽ ሁድ ፎቶው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ይጠቁራሉ። በአግባቡ መግባቱን ለማወቅ ካሜራውን ቀጥ አድርገው ከፊት ለፊት ይዩት። ረጃጅሞቹ ቅጠሎች አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ልክ መሐል ላይ መሆን አለባቸው።

አንዳንድ ሁዶች ጎናቸው ላይ ትንሽ መክፈቻ ቁልፍ አላቸው። እንዲህ ያለውን ሲያወልቁ ቁልፉን ሳይጫኑ በጉልበት ካዞሩት የፕላስቲኩ ጥርስ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ይወድቃል።

አሁን ማዕዘኖቹን ይፈትሹ። ሌንሱን በጣም ሰፊ ወደሆነው እይታ ይመልሱ፤ ቀዳዳውን ትንሽ፣ ማለትም ኤፍ 11 ወይም 16 ያድርጉት፤ ሩቅ ላይ ፎከስ አድርገው ባዶ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሱ። ትንሽ ቀዳዳ የመረጥንበት ምክንያት አለ። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን የሁዱ ጥላ ስስ ሆኖ ከሌንሱ የራሱ የጠርዝ ጥቁረት ጋር ስለሚመሳሰል አይለይም። በትንሽ ቀዳዳ ግን ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አራቱ ማዕዘኖች ንጹሕ ከሆኑ ሁዱ የሌንስዎ ነው። ከጠቆሩ ወይ አላስገቡትም ወይ የሌላ ሌንስ ነው። ፊልተር ደርበው ከሆነ ደግሞ አውልቀው እንደገና ይሞክሩ፤ ወፍራም ፊልተር ሁዱን ወደ ፊት ባይገፋውም ራሱ ማዕዘን ሊቆርጥ ይችላል።

ተገልብጦ መግጠም የተፈቀደው ለቦርሳ ነው። ሲጓዙ ቦታ ይቆጥባል። ፎቶ ለማንሳት ሲያወጡት ግን የመጀመሪያ ሥራዎ ማዞር ይሁን። የተገለበጠ ሁድ አንዳች ብርሃን አይከለክልም፤ ያም አልበቃ ብሎ የዙሙን ቀለበት ስለሚሸፍን ጣትዎ የሚይዘው ያጣል።

ሁድ የሚወልቅበትና የማይወልቅበት ጊዜ

ካሜራው ላይ ከላይ ብቅ የሚለውን ፍላሽ ሲጠቀሙ ሁዱን ያውልቁት። ፍላሹ ለሌንሱ በጣም ቅርብ ስለሆነ የሁዱን ጥላ ፎቶው ግርጌ ላይ በግማሽ ክብ ይጥለዋል። ቤት ውስጥ በተነሳ የልደት ፎቶ ላይ፣ ከኬኩ በታች ያለውን ጥቁር ጉብታ አይተው ምንድን ነው ብለው ከነበረ መልሱ ይህ ነው። ካሜራው ራስ ላይ የሚሰካው ረጅም ፍላሽ ከፍ ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም። ፖላራይዘር የተባለውን እየዞረ የሚስተካከል ፊልተር ሲጠቀሙም ሁዱን ለጊዜው አውልቀው ፊልተሩን ካስተካከሉ በኋላ ይመልሱት። ትራይፖድ ላይ ሆነው በነፋስ ውስጥ ረጅም ሰከንድ ሲያነሱ ደግሞ ትልቅ ሁድ ነፋስ እየሰበሰበ ካሜራውን ያነቃንቃል፤ ፀሐይ ከሌለች ያውልቁት ባይ ነኝ።

ከነዚህ ውጪ እንዲወልቅ አልመክርም፤ ደመና ቢሆንም፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ቤት ውስጥ መስኮትና አምፖል አለ። በዚያ ላይ ሁድ ለሌንሱ ጠባቂ ነው። ጥር 11 ጃን ሜዳ ወይም ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የጥምቀቱ ውኃ ሲረጭ ሁድ ያለው ሌንስ ከጎንና ከላይ የሚመጣውን ጠብታ ብዙውን ያመልጣል። በሰው መሐል ሲተላለፉ ክርን ቢመታዎ፣ ሕፃን እጁን ቢሰድ፣ የሚነካው ፕላስቲኩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሌንሱን ለመጠበቅ ብሎ ስለሚገጥመው ዩቪ ፊልተር አንድ ነገር ልበል። ፊልተር ጠፍጣፋ ተጨማሪ መስታወት ነው፤ ነጸብራቅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በፋሲካ ሌሊት ጧፍ የያዙ ምእመናንን ሲያነሱ ጨለማው ሰማይ ላይ የሌለ የጧፍ ብርሃን ተገልብጦ ከታየዎት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዚህ ፊልተር ነው። አቧራማ መንገድ ላይ ፊልተር ይኑርዎት፤ ሌሊት ላይ ግን አውልቀው በሁድ ብቻ ይሥሩ።

የእጅ ማሰሪያ ለማን ይሆናል?

የእጅ ማሰሪያ ስንል የእጅ አንጓ ላይ የሚጠልቀውን ቀጭን ገመድ ማለታችን አይደለም። ከካሜራው ቀኝ ጎን ከላይ ተነሥቶ እስከ ታች የሚወርድ፣ የመዳፍዎን ጀርባ የሚያቅፍ ሰፊ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ነው። ካሜራውን ሁልጊዜ ጨብጦ መያዝ አይጠበቅብዎትም፤ ጣቶችዎን ቢያላሉ እንኳ ካሜራው እጅዎ ላይ ይቀመጣል። አንገትዎ ላይ ያንጠለጠሉትን ካሜራ እስኪያነሱት ያመለጠዎትን ቅጽበት ያስቡ፤ ሙሽራዋ እናቷ አንገት ላይ ስትጠመጠም ያለውን ያህል ጊዜ ነው። የእጅ ማሰሪያ ያለው ሰው ካሜራው ቀድሞውኑ እጁ ውስጥ ነው።

ለሁሉም ግን አይሆንም። መያዣቸው ወጣ ያለ፣ መካከለኛና ከባድ ካሜራዎች ላይ ጥሩ ነው። መያዣው ጠፍጣፋ በሆነ ትንሽ ሚረርለስ ካሜራ ላይ ግን ማሰሪያው እጅን ወደ ኋላ ስለሚስብ ሹተሩን መድረስ ያስቸግራል፤ እዚያ ላይ የእጅ አንጓ ገመድ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ በእግር የሚዞር፣ ፎቶ የሚያነሳው አልፎ አልፎ ብቻ የሆነ ሰውም በአንገት ወይም በትከሻ ማንጠልጠያ ቢቀጥል ይመረጣል። እንደ ካነን ኤፍ 2.8 70-200 አይ ኤስ 2 ያለ ሌንስ ብቻውን 1,490 ግራም ይመዝናል፤ ያን ሁሉ በአንድ መዳፍ ጀርባ ማዋል የእጅ አንጓን ይጎዳል።

ማሰሪያውን መግጠም

በአንድ በኩል የሚታሰረው ከካሜራው ቀኝ ጎን ላይ፣ የአንገት ማንጠልጠያው በሚገባበት ቀለበት ላይ ነው። በታች በኩል ግን አብዛኞቹ ካሜራዎች ቀለበት የላቸውም። እንደ ካነን 1ዲ ያሉ ትልልቆቹ ከታችም አላቸው፤ ብዙ የባትሪ ግሪፖችም እንዲሁ። ለቀሩት ማሰሪያው ራሱ ጠፍጣፋ ብረት ይዞ ይመጣል፤ እሱም ካሜራው ሆድ ላይ ባለው የትራይፖድ ቀዳዳ በሩብ ኢንች ብሎን ይታሰራል።

ከመግዛትዎ በፊት ይህን ብረት ካሜራዎ ሥር አስጠግተው ይዩት። የባትሪውን በር የሚዘጋ ከሆነ ባትሪ በቀየሩ ቁጥር መፍታት ሊኖርብዎት ነው፤ ሠርግ መሐል ላይ ይህ አይታሰብም። ሌላም ጥያቄ ይጠይቁ፦ ብረቱ ሥር ሌላ የትራይፖድ ቀዳዳ አለው? ከሌለው ትራይፖድ ባስፈለገዎ ጊዜ ሁሉ ማሰሪያውን መፍታት ነው።

አሁን አልጋ ወይም ትራስ ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጡ። ብረቱን በብሎኑ ያስሩ፤ የጎማው ፊት ወደ ካሜራው ይሁን። ከሱ ጋር የመጣውን ብሎን ብቻ ይጠቀሙ፤ ረዘም ያለ ሌላ ብሎን ካሜራውን ከውስጥ ሊበሳው ይችላል። መጀመሪያ በጣትዎ፣ ከዚያ በሳንቲም ትንሽ ያጥብቁት። በፒንሳ አይታገሉት።

ከላይ ያለው ጨርቅ አስተሳሰሩ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ካሜራ ከእጅ የሚያመልጠው እዚህ ላይ በተሠራ ስሕተት ነውና። ቀጭኑን ጨርቅ ከውጪ ወደ ካሜራው ቀለበት ያስገቡና መልሰው ወደ ዘለበቱ ይምጡ። በዘለበቱ በአንዱ ቀዳዳ ወጥቶ በሌላው መግባት አለበት። አሁን ትርፉ ጫፍ የት እንዳለ ይመልከቱ። ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ከቀረ ልቅ ነው፤ ክብደቱ ሲጎትተው እየተንሸራተተ ይወጣል። ጫፉ በዘለበቱና በዋናው ጨርቅ መካከል ወደ ውስጥ ተመልሶ መግባት አለበት። ያን ጊዜ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ዘለበቱ ራሱ ጫፉን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉለት። በመጨረሻም ካሜራውን ከአልጋው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ማሰሪያውን ብቻ ይዘው ጠንከር አድርገው ይጎትቱት። ጨርቁ ላይ፣ ዘለበቱ አጠገብ በእስክሪብቶ ትንሽ ምልክት ካደረጉ መንሸራተቱን በኋላ በዓይን ማየት ይችላሉ።

ካሜራዎ ክብ የብረት ቀለበት ያለው ከሆነ ከሥሩ ያለውን የፕላስቲክ ወይም የቆዳ ማስቀመጫ አይጣሉት። ቀለበቱ የካሜራውን ቀለም እንዳይፍቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ልኩን ማግኘት

እጅዎን ከታች ወደ ላይ ያስገቡ። ማሰሪያው ማረፍ ያለበት መዳፍዎ ጀርባ ላይ፣ ከጣቶችዎ አንጓ በታች ነው። አንጓዎቹ ላይ ከወጣ ጣት አይታጠፍም፤ ወደ ክንድዎ ከወረደ ደግሞ ካሜራው ወደ ፊት ይደፋል። አመልካች ጣትዎን ሹተሩ ላይ፣ አውራ ጣትዎን ከኋላ ባለው መደወያ ላይ ያድርጉ። ሁለቱም ሳይንጠራሩ መድረስ አለባቸው።

አሁንም አልጋው ላይ ሆነው አምስቱንም ጣቶችዎን ይክፈቱ። ካሜራው ሳይወላገድ እጅዎ ላይ ከቀረ ልኩ ትክክል ነው። ከተንጠለጠለ ትንሽ ያጥብቁት። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ትንሿ ጣትዎ መደንዘዝ ከጀመረ ግን አጥብቀውታል ማለት ነው፤ ወዲያው ያላሉት። በክረምት ጃኬት እጅጌና በጓንት ሌላ ልክ፣ በባዶ እጅ ሌላ ልክ እንደሚያስፈልግ ይወቁ። ጠዋት እንጦጦ ላይ ያሰሩት ቀትር ላይ ሊሰፋብዎ ይችላል።

ማሰሪያው ቀኝ እጅዎን አሳረፈ ማለት ግራ እጅ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። ግራ መዳፍዎ ከሌንሱ ሥር ገብቶ ክብደቱን ይሸከም፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣት የዙሙን ቀለበት ይያዙ፤ ክርኖችዎ ደረትዎ ላይ ይጠጉ። ካሜራውን ወደ ቁመት ሲያዞሩ ማሰሪያው ጥቅሙን የሚያሳየው በተለይ ያኔ ነው፤ መዳፍ አይንሸራተትም። ሆኖም ማሰሪያው የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንስ እንጂ የሹተሩን ፍጥነት አይተካም። 50 ሚሊ ሜትር ላይ ሆነው ቢያንስ በ80ኛ ሰከንድ፣ 200 ላይ ከሆኑ በ320ኛ አካባቢ ማንሳት፣ ማለትም ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ የትኩረት ርዝመቱን በአንድ ተኩል አባዝቶ ማሰብ፣ አሁንም ጥሩ ልማድ ነው።

ሌንስ መቀየር ሲያስፈልግ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ የእጅ ማሰሪያ ብቻ ያለው ሰው እዚያ ላይ ይቸገራል። ካሜራውን የሚያሳርፉበት ቦታ ሳያገኙ፣ በሕዝብ መሐል ቆመው አይሞክሩት። ቦርሳዎን ወደ ሆድዎ አዙረው ካሜራውን ውስጡ አስቀምጠው ይቀይሩ። ገደል አፋፍ ላይ፣ ፎቅ በረንዳ ላይ ወይም ጀልባ ላይ ከሆኑ ደግሞ በእጅ ማሰሪያው ብቻ አይተማመኑ፤ በግራው ቀለበት ላይ የትከሻ ማንጠልጠያ ወይም የእጅ አንጓ ገመድ ይጨምሩበት።

ከረጅም መንገድ በኋላ

ቆዳ ማሰሪያ ላብ ሲጠጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አያስጡት። የጨርቁ ዓይነት ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፤ ከካሜራው ላይ ፈትተው መሆን አለበት። ሁዱን ደግሞ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በተለይ የሚቆለፍበትን ጥርስ፤ አሸዋ እዚያ ከገባ ሲያዞሩት የሌንሱን አፍ ይፍቀዋል።

ከሥሩ ያለው ብሎን በመኪና ንዝረት ይላላል። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ላሊበላ ወይም ጎንደር በመኪና ከገቡ፣ ካሜራውን ከቦርሳ አውጥተው እጅዎን ማሰሪያው ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ብሎኑን በሳንቲም ይሞክሩት፤ ዘለበቱ አጠገብ ያደረጉት የእስክሪብቶ ምልክት ከቦታው አለመነሣቱን ይዩ፤ ሁዱንም ወደ ፊት አዙረው «ቀጭ» እስኪል ይግጠሙት።